የጥዱ ጉርዳና የጆሯችን ብጉንጅ

የመጀመሪያው ብጉንጅ የወጣብኝ ከግራ ጆሮዬ ፊት ለፊት፣ ጸጉሬና ጺሜ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ሽምብራ አክሎ ጀመረ፣ ከዚያ ባቄላ አከለ፣ ከዚያ በኋላ የእህል ዓይነት አለቀብኝ። ዙሪያውን ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ነገሮች ከበቡት፣ ልክ ሹም ሲመጣ ግራና ቀኝ እንደሚሰለፉት ሰዎች። ፈረጠ፣ ደረቀ፣ ተገላገልኩ ስል ከቀኝ ጆሮዬ ጀርባ ሌላ ተነሳ። እሱ ሲሄድ ደግሞ ወደ ግራው ተመለሰ። እንዲህ እየተቀባበሉ ከረሙብኝ።

ወልቂጤ ውስጥ ባልዲ፣ ሳፋና ጀሪካን እሸጣለሁ። መልኬ ድሮም ለማስታወቂያ የሚሆን አልነበረም፤ ግን ባልዲ የሚገዛ ሰው ባልዲውን እንጂ ሻጩን አያይም እያልኩ እጽናና ነበር። ለካ ያያል። አንዲት ደንበኛዬ ሳፋ መርጣ ስታበቃ ጆሮዬ ስር አፍጥጣ፣

"ይሄ ነገር ይተላለፋል?" አለችኝ።

"ሳፋ ላይ አይወጣም" አልኳት።

ሳቀች። ሳፋውን ግን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ነው የሄደችው።

ስልክ ጆሮዬ ላይ ማስጠጋት ስላልቻልኩ ድምጹን ከፍቼ እጄ ላይ ይዤ ነበር የማወራው። በዚህ የተነሳ ሚስቴ ስለ እኔ ያላትን አስተያየት ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። ባጃጅ የሚነዱት ልጆች ሳልፍ "ጋሼ፣ ዛሬም ሽንኩርቱን ረሱት እንዴ?" ይሉኛል። መነጽር ማድረግ ትቻለሁ፣ እጀታው ቁስሉ ላይ ያርፋላ። ጎኔን ሰጥቼ መተኛት ስለማልችል በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እንደ ሬሳ ነበር የማድረው። ሚስቴ አንዳንዴ ስትነቃ ትደነግጣለች።

ከፋርማሲ ክኒን እገዛለሁ፣ ይጠፋል። ክኒኑ ሲያልቅ ይመለሳል። ጤና ጣቢያ ሄጄ አስፈርጬዋለሁ። ያፈረጠልኝ ባለሙያ መግሉን ጠራርጎ "ንጽሕና ይጠብቁ" ብሎ ላከኝ። ንጽሕና እንኳን ለራሴ ለከተማው ሁሉ የምሸጥ ሰው ነኝ፤ የሳሙና ማስቀመጫ በየቀለሙ አለኝ።

በዚህ መሃል ቡታጅራ ዘመድ ሞተብንና ለቅሶ ሄድኩ። ታላቅ ወንድሜ እዚያው ቡታጅራ በርበሬ ነጋዴ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ፎጣ እስከ ጆሮው ተከናንቦ ተቀምጧል። እኔም እንደዚያው ተከናንቤ ነበርና የመጣው ሰው ከሁሉ በላይ ያዘንነው እኛ መስለነው መጀመሪያ እኛን ነው የሚያጽናናው። አጠገቡ ተቀምጬ ፎጣውን ገለጥ አድርጌ ባይ ያው ነው። በቀኝ በኩል አንድ የበሰለ፣ ከስሩ ደግሞ ገና የሚመጣ።

"አንተም?" አለኝ የእኔን አይቶ።

"ታላቅ አንተ ነህ፣ ካንተ ነው የወረስኩት" አልኩት።

አልሳቀም። ወንድሜ አይስቅም። ጥርሱን የማየው ሲበላ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ለቅሶ ቤት እንኳ አፌ አይያዝልኝም፤ እናታችን ሳቁን ሁሉ ለአንዱ፣ ቁም ነገሩን ሁሉ ለአንዱ አከፋፍላ ነው የሞተችው።

የአባታችን እህት ከፊታችን ተቀምጣ ነበር። እኔን አየች፣ እሱን አየች፣ ነጠላዋን አጣፋች።

"ሁለት ወንድማማች፣ አንዳችሁ ወልቂጤ፣ አንዳችሁ ቡታጅራ፣ ሁለታችሁም ከጆሮ ስር" አለች። "አባታችሁም ያ የእግሩ ቁስል አልድን ብሎት ነው የሞተው። ይሄ የበሽታ መንገድ አይደለም። ጉርዳ ነው።"

ወንድሜ ፊቱ ጠቆረ። እኔም ፎጣዬን መልሼ ተከናነብኩ።

ጉርዳ በእኛ በጉራጌዎች ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ሰው "ይሄን እንዳታደርግ፣ ጉርዳ!" ካለህ አለቀ፣ ታስረሃል። ጥሰኸው ብትሄድ አንተን ባያገኝህ ልጅህን፣ ልጅህን ባያገኝ የልጅ ልጅህን ያገኘዋል። ማንሳት የሚችለው የጣለው ሰው ነው፣ እሱ ከሌለ ወገኑ። ቤተክርስቲያን የሚሄደውም መስጊድ የሚሄደውም፣ ዲግሪ ያለውም የሌለውም ይፈራዋል። እኔም እፈራዋለሁ፣ አሁንም ጭምር።

ነገሩ ወደ አባታችን አገር፣ ወደ አረቅጥ ሄደ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው የማን ጉርዳ እንደሆነ መፈለግ ጀመሩ። አክስቴና አንድ የአያታችንን ዘመን የሚያስታውሱ አዛውንት ሲያወጡ ሲያወርዱ ቆይተው የጥዱ ነገር ተገኘ። አያታችን ቤት ሲሠራ ለመሃል ምሰሶ የሚሆን ጥድ ድንበር ላይ ቆሞ ነበር፣ የእሱም የጎረቤቱም ሊባል የሚችል። መጥረቢያውን ይዞ ሲነሳ ጎረቤቱ ከወዲያ ማዶ "እንዳትቆርጠው፣ ጉርዳ!" ብሎ ጮኸ። አያታችን አልሰማሁም አለ። ቆረጠው፣ ምሰሶ አደረገው። ወንድሜም እኔም የተወለድነው በዚያ ምሰሶ ስር ነው፣ ጀርባችንን ለእሱ ሰጥተን ነው ያደግነው።

"ጆሮው ነው የበደለው" አሉ ሽማግሌው፣ "ጆሮ ላይ ወጣ።"

"የአባቴ እግርስ?" አልኳቸው።

"እግር ድንበር ረገጠ።"

ለእያንዳንዱ የሰውነት ክፍል መልስ ነበራቸው። ስለ ቦርጬ ልጠይቅ አስቤ ወንድሜን አይቼ ተውኩት።

ከጎረቤቱ ወገን የቀሩት አንዲት ሴት ልጁ ብቻ ናቸው። እሳቸውም አርጅተዋል፣ ባል ሞቶባቸዋል፣ ልጅ አልወለዱም። ከሽማግሌዎቹ ጋር በግ ጎትተን ደጃቸው ቆምን። እኛ ክርስቲያን፣ እሳቸው ሙስሊም ናቸው፤ ስለዚህ በጉን የእሳቸው ዘመዶች እንዲያርዱት፣ ለእኛ ቆጮና አይብ እንዲቀርብ አስቀድሞ ተነጋግረናል። ሽማግሌው የጥዱን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገሩ። እማማ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ።

"አባቴ ይሄን አልነገረኝም" አሉ በመጨረሻ። "እኔ ያልጣልኩትን እንዴት አነሳለሁ?"

"የጣለው ወገንዎ ነው። ከእርስዎ ሌላ ሰው የለውም።"

"እንጨቱን ልትመልሱልኝ ነው?"

እዚህ ጋ ሳቄ አመለጠኝ። ትንሽ ናት፣ በአፍንጫዬ ነው የወጣችው። ወንድሜ በክርኑ ጎኔን ወጋኝ። እማማም ግን ከንፈራቸው ፈገግ ብሎ ነበር፣ እግዜር ያሳያችሁ። ከዚያ ቀስ ብለው ተነሱ፣ እጃቸውን ዘረጉ፣ በአባታቸው ስም ይቅር አሉን። መረቁን። ወንድሜ ጉልበታቸውን ስሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው፣ አባታችን ሲቀበር እንኳ አላለቀሰም።

ከዚያ የሆነው ነገር ነው ጉዱ። የወንድሜ ብጉንጅ ደረቀና ሳይመለስ ቆየ። የእኔ ግን ወልቂጤ ከገባሁ ብዙም ሳይቆይ ከሁለቱም ጆሮዬ ስር ተነሳ፣ ባለቤቱን የናፈቀ ይመስል።

"ስትስቅ አይቼሃለሁ" አለኝ ወንድሜ በስልክ። "ጉርዳው ለእኔ ተነሳ፣ ላንተ አልተነሳም። እባክህ እሱን እንደገና ወደ ቤታችን እንዳትጠራው።"

ይሄን ሲለኝ ስልኩ እንደተለመደው እጄ ላይ ነው። ባጃጅ ነጂዎቹም ሰሙ። የዚያን ዕለት ሽንኩርቱን ረሱት ወይ ያለኝ የለም።

የግራው አብጦ አፌን መክፈት ሲያቅተኝ ሚስቴ እየጎተተች አንድ ክሊኒክ ወሰደችኝ። አንዲት ነርስ ቁስሉን አየችና ከማፍረጧ በፊት ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ውሃ ይጠማዎታል?"

"ወልቂጤ ውስጥ ውሃ የማይጠማው ማን አለ?"

"ሽንትስ?"

"እሱ እንኳ ችግር የለበትም። ሌሊት ደጋግሞ እየቀሰቀሰ ይጠይቀኛል።"

"ከቤተሰብ ስኳር ያለበት አለ?"

"አባቴ በእግር ቁስል ነው የሞተው። ስለ ስኳር የነገረን የለም።"

ጣቴን ወጋችና መለኪያው ላይ የወጣውን ለሚስቴ አሳየቻት፣ ለእኔ አይደለም። ሚስቴ አለቀሰች። ነርሷ ረጋ ብላ አስረዳችን፤ ስኳር ደም ውስጥ ሲበዛ እንዲህ ያለ ብጉንጅ እየተመላለሰ ይወጣል፣ ቁስልም ቶሎ አይድንም። በዚያ ሳምንት ሚስቴ ቤታችንን እንደ ፍተሻ ጣቢያ ለወጠችው። ኪሴ ውስጥ ከረሜላ ይዛብኛለች። መድኃኒቱን ጀመርኩ፣ አመጋገቤን አስተካከልኩ፣ ጆሮዬ ስር ያለው ነገር እየቀለለ ሄዶ ጠፋ። መነጽሬን መልሼ ሳደርግ ፊቴን በመስታወት በደንብ አየሁት። አለማየቱ ይሻል ነበር።

ወንድሜ ጋ የሮጥኩት ገና ብጉንጄ ሳይደርቅ ነው። ቡታጅራ፣ ሱቁ ውስጥ፣ በበርበሬ ማዳበሪያዎች መሃል ተቀምጧል። ልብሱ ሰፍቶታል። ጉንጩ ወደ ውስጥ ገብቷል። ከጎኑ የውሃ ጀሪካን አለ፣ ከእኔ ሱቅ የወሰደው፣ ጎንበስ እያለ ይጠጣል።

"ከስተሃል ጋሼ።"

"ሸክም ወርዶልኛል" አለኝ። ደስ ብሎት ነው የሚያወራው።

ስኳሩን ነገርኩት። የአባታችንን እግር ነገርኩት። እንዲመረመር ለመንኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣

"ይቅር ተብያለሁ" አለ። "አሁን ሄጄ ጣቴን ባስወጋ ምን ማለት ነው? አላመንኩም ማለት ነው። ሴትዮዋ በአባቷ ስም ያነሳችውን መልሼ ላነሳው ነው?"

"ጣት መውጋት ጉርዳ አይጠራም።"

"ለአንተ ምንም ነገር ጉርዳ አይጠራም።"

እሱ ጋ ሁሉም ነገር ልክ ነበር። ይቅርታ ጠየቀ፣ ብጉንጁ ጠፋ። እኔ ሳቅኩ፣ የእኔ ተመለሰ። ማንም ሰው በመሃላችን ቢቀመጥ ለእሱ ነው የሚፈርድለት። ብጉንጅ በራሱ ጊዜ እንደሚሄድና እንደሚመጣ ለማስረዳት ሞከርኩ፣ ቀልድ መሰለው። ሕይወቴን ሙሉ ቀልጄ ኖሬ አንድ ቀን የምሬን ብናገር የሚያምነኝ ጠፋ።

ሌላ ቀን የስኳር መለኪያውን ራሱን ይዤ ሄድኩ። ሚስቱም ለመነችው። ጫማ የእግር ጣቱን ልጦት ቆስሏል፣ ጨርቅ ጠቅልሎበታል፣ ሽታው ከበርበሬው በላይ ነው። ያንን ሽታ አውቀዋለሁ። አባቴ የተኛበት ክፍል እንደዚያ ነበር የሚሸተው። መለኪያውን ከኪሴ ሳወጣ ከሱቁ አስወጣኝ። ጎረቤት ነጋዴዎች እያዩ "ሁለተኛ በእኔ ላይ እንዳትስቅ" አለኝ። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ እየሳቅኩ አልነበረም፣ እያለቀስኩ ነበር። ፊቴ ነው መሰለኝ የሚያሳስተው፣ ሳለቅስም ጥርሴ ይታያል።

ወደ ወልቂጤ በሚመለስ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ሳስብ አንድ ሰው ብቻ ታየኝ። ወንድሜን ማዘዝ የሚችል ሐኪም የለም፣ ቄስም የለም፣ ሚስቱም አትችልም። የሚችሉት እማማ ናቸው።

አረቅጥ ወጣሁ። እማማን ቤታቸው ደጅ ላይ አገኘኋቸው፣ እንሰት ይፍቃሉ... አይ፣ መፋቁን ድሮ ትተዋል፣ ጎረቤት ስትፍቅ እያዩ ያርማሉ።

"አሰላሙ አለይኩም እማማ" አልኳቸው።

"ሳቂታው መጣ" አሉ። "ወአለይኩም ሰላም። አልዳንክም እንዴ?"

"እኔ ድኛለሁ። ወንድሜ ሊሞት ነው።"

ሁሉንም ነገርኳቸው። ከዚያ የመጣሁበትን ጉዳይ አወጣሁት። "ጉርዳ ይጣሉበት። ካልተመረመርክ፣ የታዘዝከውን መድኃኒት ካልወሰድክ ጉርዳ ይበሉት።"

እማማ ፊታቸው ተለወጠ። ጎረቤታቸውም መፋቋን አቆመች።

"ጉርዳ የመጫወቻ ዕቃ ነው?"

"አልቀለድኩም።"

"አንዱን አንስቼ ሳልጨርስ ሌላ ልጣል? ቢጥሰውስ? የሚሞተው በእኔ ነው።"

"ካልጣሉበትም ይሞታል።"

መጀመሪያ ልምከረው፣ ደውልለት አሉኝ። ደወልኩ፣ ድምጹን ከፈትኩት፣ ወንድሜ አነሳ። እማማ አፋቸውን ስልኩ ላይ ገጥመው ሰላምታ አቀረቡ። ወንድሜ ሰላምታውን በአክብሮት መለሰ። ስለ እግሩ ሲያነሱበት፣ "ለምንድነው የማትታየው? ስማኝ እስቲ" ሲሉት፣ ድምጹ ቀዘቀዘ።

"እማማ፣ ኔትወርክ የለም። አይሰማኝም" አለና ዘጋው።

እማማ ስልኩን አዩት። እንደ እሳቸው ዕድሜ ሰው ሲናደድ አይቼ አላውቅም።

"መኪና አለህ?" አሉኝ።

"የሰው መኪና አገኛለሁ።"

ቡታጅራ ወረድን። የመንገዱ ጥምዝምዝ ሲበዛባቸው ሁለቴ መኪናውን አስቁመው አስታወኩ። ሱቁ ጋ ስንደርስ እኔን መኪና ውስጥ ቆይ አሉኝ፤ "አንተ ካለህ ቀልድ ይመስለዋል።" በመስኮት ነው ያየኋቸው። በትራቸውን ይዘው ገቡ። ወንድሜ ሲያያቸው ሊነሳ ሞከረ፣ እግሩ አልታዘዘውም፣ ማዳበሪያው ላይ ተመልሶ ወደቀ። ያሉትን አልሰማሁም። እጃቸው ወደ ፊቱ ሲዘረጋ፣ ወንድሜም አንገቱን ሲደፋ ብቻ ነው ያየሁት።

በዚያው ዕለት ሆስፒታል ገባ።

ሐኪሞቹ የሚችሉትን አደረጉ። እግሩን ማትረፍ አልቻሉም፣ ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ቀደም ብሎ ቢመጣ ጣቱ ብቻ ነበር የሚሄደው አሉን። ሲነቃ አጠገቡ ነበርኩ። ብርድ ልብሱን አየ፣ አንዱ በኩል ከፍ ብሏል፣ ሌላው ጠፍጣፋ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ቀልድ ባገኝለት ነበር።

"አንተ ነህ እሷን ያመጣኸው" አለኝ።

"እኔ ነኝ።"

"ተነስቶልኝ ነበር። መልሰህ አሰርከኝ።"

ከዚያ ወዲህ የሚያናግረኝ ለአስፈላጊ ነገር ነው። ኢንሱሊኑን ግን አንድም ቀን አያስተጓጉልም። ጠዋት ይወጋል፣ ማታ ይወጋል፣ ሚስቱ እንደምትለኝ ፊቱን አዙሮ፣ ግዴታ እንደሚከፍል ሰው። ስኳር እንዳለበት እስካሁን አያምንም። የሚወጋው ጉርዳ ስላለበት ነው። እግሩንም የወሰደው የአያታችን ጥድ ነው ይላል፣ በእኔ ሳቅ የተነሳ።

አንድ ጊዜ ዊልቸሩን አስጭኖ አረቅጥ ድረስ ሄዶ እማማን ለምኗቸዋል። ተመርምሬያለሁ፣ የታዘዝኩትን አድርጌያለሁ፣ አሁን አንሱልኝ ብሎ።

"አላነሳም" አሉት። "አይዞህ፣ እኔ ስሞት አብሮኝ ይሄዳል። ከኋላዬ የሚይዝህ ልጅ የለኝም።"

ሊያጽናኑት ነው ያሉት። ወንድሜም ተጽናንቶ ተመለሰ። ለሚስቱ "የምወጋው እሳቸው እስካሉ ነው" ብሏታል። ሚስቱ ይሄን በስልክ ስትነግረኝ ባልዲ እየደረደርኩ ነበር፣ ድርድሩ ሁሉ ተናደ።

ስለዚህ አሁን የወንድሜ ሐኪም አረቅጥ ብርድ ውስጥ የሚኖሩ፣ ክረምት በገባ ቁጥር የሚያስሉ የአንዲት አሮጊት ሳንባ ሆኗል። ብርድ ልብስ ወስጄላቸዋለሁ። ጤና ጣቢያ ወስጃቸዋለሁ። ጣሪያቸው እንዳያፈስ አስጠግኛለሁ። ሰዎች እንዲህ ያለ ደግ ሰው መሆኔን አያውቁም ነበር፣ እኔም አላውቅም ነበር። ለገዛ እናቴ ይሄን ሁሉ አላደረግኩም። በየጠዋቱ ሱቅ ስከፍት መጀመሪያ እሳቸው ጋ እደውላለሁ፣ ያነሱልኛል፣ "አልሐምዱሊላህ" ሲሉ እሰማለሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው ሥራ የምጀምረው።

ትናንት ስልካቸውን ያነሳችው ጎረቤታቸው ናት።

"ተኝተዋል" አለችኝ።

"በዚህ ሰዓት?"

"ሳሉ ሌሊቱን አላስተኛቸውም። አሁን ነው ያሸለባቸው።"

"ጠጋ ብለሽ እዪልኝ እስቲ። ይተነፍሳሉ?" አልኳት።

የምቀልድ መስሏት ሳቀች።